ፀሐይዋ ነፃ ናት፣ ባትሪው ግን ያስከፍላል
(ጂንካ፣ በማኅበራችን ጠቅላላ ጉባኤ ላይ የቀረበ ንግግር)



የአየር ንብረት ለውጥ ለእኛ የሩቅ ወሬ አይደለም። ነሐሴ 1998 ዓ.ም. ኦሞ ሞልቶ በዳሰነች ከ300 በላይ ሰው ወሰደ። ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. ደግሞ ዝናቡ ተደጋግሞ ቀርቶ ብዙ ከብት አለቀ። የአገራችን መብራት ከ90 በመቶ በላይ ከውኃ ስለሚመነጭ፣ ዝናብ ሲቀር መብራቱም ያሳስበናል። ሶላርን ወደ ቆርቆሯችን ማውጣታችን ትክክል ነበር።

ስሌታችን ግን ጎደሎ ነበር። ስናበድር የፓኔሉን ዋጋ እንጂ የባትሪውን ዕድሜ አላሰብንም። የአንዲት እህታችን ባትሪ ዕዳዋ ሳያልቅ ሞተ። ልጆቿ ወደ ኩራዝ ተመለሱ፤ እሷ ግን ክፍያዋን አላቋረጠችም። ጥፋቱ የእሷ አይደለም፤ እኛ መዝገቡ ላይ ያልጻፍነው ነው።

ከእንግዲህ እንዲህ እናስላ። ባለ 5 ዋት 4 አምፖሎች 5 ሰዓት ቢበሩ 100 ዋት ሰዓት ይፈጃሉ፤ ባለ 100 ዋት ፓኔል ይህንን ከስልክ ቻርጅ ጋር ይሸፍናል። የእንጀራ ምጣድ ግን ከ3,000 ዋት በላይ ስለሚፈልግ አይሞከርም። ባትሪው 18,000 ብር ቢሆንና 3 ዓመት ቢያገለግል፣ ከመጀመሪያው ወር ጀምሮ 500 ብር ለብቻው ይቀመጥ። ባትሪው ባዶ እስኪሆን አንጠቀም፤ የፓኔሉንም አቧራ እንጥረግ።

አጋሮቻችንም ፓኔል ስትለግሱን የባትሪውን መተኪያ አብራችሁ አስቡልን።