ከሮቢ ወንዝ እስከ ጣና ጀልባ

አቅራቢ 1፦ ሸዋ ሮቢት ላይ ሽንኩርት የሚያለማ ገበሬ ሮቢ ወንዝ ዳር ፓምፑን ሲተክል፣ አስቀድሞ የመሳቢያ ቱቦውን ጫፍ ያያል። ወንፊት ከሌለው አሸዋው የፓምፑን ሆድ ዕቃ ይበላዋል።

አቅራቢ 2፦ ጣና ላይ ጀልባውን በሐይቁ ውኃ ማጠብ የሚፈልግም ከዚያው ይጀምር። በ12 ቮልት ባትሪ የሚሠራ ትንሽ ፓምፕ፣ ከፊቱ ወንፊት፣ ከኋላው ቱቦ ይበቃዋል። የተጫነው የመጠጥ ውኃ ሳይነካ ጭቃውና የዓሣው ደም ይጸዳል።

አቅራቢ 1፦ ታዲያ ውኃውን ለመሳብ የጀልባው ሆድ ይበሳል?

አቅራቢ 2፦ ቋሚ ተከላ ከሆነ አዎ። ቀዳዳው ላይ ግን መዝጊያ የግድ ነው፤ ቱቦው ቢቀደድ ጀልባውን ከመስጠም የሚያድነው እሱ ነው። ለትንሽ ጀልባ ቱቦውን በጠርዙ አሳልፎ ውኃ ውስጥ መጣል ይሻላል።

አቅራቢ 1፦ ገበሬውማ ወንዙ ሲጎድል ፓምፑን ተሸክሞ ወደ ውኃው ይወርዳል።

አቅራቢ 2፦ ትክክል ነው! ውኃውን መሳቢያ ቱቦው ውስጥ ወደ ላይ የሚገፋው የአየር ግፊት ነው፤ የሚገፋበት ከፍታ በባሕር ጠለል ላይ እንኳ ከ10 ሜትር ብዙም አያልፍም። ጣና 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆነ ከዚያም ያንሳል። ለጀልባ ይኼ አያሳስብም፤ የሚያሳስበው ከ2004 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ ሐይቁን የወረረው እምቦጭ የተባለው አረም ነው። ሥሩ ወንፊቱን ይደፍናል። ከጀልባው ላይ ቁራጩን በውኃ ገፍቶ ወደ ሐይቁ መመለስ አረሙን ማዛመት ስለሆነ፣ ከማጠቡ በፊት በእጅ ተለቅሞ ወደ ደረቅ መሬት ይውጣ።