የዋና ትምህርትና የልጃገረዶች የወር አበባ



ስለ ዋና ትምህርት ጥቅም ብዙ ተብሏል፤ ስለ ልጃገረዶች ትምህርትም እንዲሁ። ሁለቱ ነገሮች በአንድ ቀን በአንዲት ልጅ ላይ ሲገናኙ ምን መደረግ እንደሚገባው ግን በመምህራን ስብሰባ ላይ ሲነገር እምብዛም አይሰማም። ነውር ነው ተብሎ ይታለፋል፤ የታለፈውንም ነገር ልጅቱ ብቻዋን ትሸከመዋለች።

ሳውዝ ሲ በናይሮቢ ከተማ በሞምባሳ መንገድና በዊልሰን አውሮፕላን ማረፊያ መካከል የሚገኝ የመኖሪያ ሰፈር ነው። ኬንያውያን፥ ሶማሌዎች፥ ኢትዮጵያውያንና ሌሎችም ጎረቤት ሆነው ይኖሩበታል። በናይሮቢ ብዙ የግል ትምህርት ቤቶች ዋና ያስተምራሉ፤ የራሳቸው ገንዳ የሌላቸውም ተማሪዎቻቸውን በአውቶቡስ ጭነው ወደ ክበብ ወይም ወደ ሆቴል ገንዳ ይወስዳሉ። እንግዲህ ከኢትዮጵያ ቤተሰብ የተወለደች አንዲት የ12 ዓመት ልጅ በዚህ ሰፈር ትማራለች እንበል። የዋናው ቀን ሐሙስ ነው፤ ረቡዕ ማታ የወር አበባዋ ይመጣል። እናቷ «ነገ ውሃ እንዳትገቢ የኔ ልጅ» ይሏታል። በማግሥቱ የሰውነት ማጎልመሻው አስተማሪ «ያልዋኘ ማርክ የለውም» ይላል። ልጅቱ በእናቷና በአስተማሪዋ መካከል ተይዛ «ሆዴን አሞኛል» ትልና ከገንዳው ዳር ትቀመጣለች። ሴቶቹ ጓደኞቿ ምክንያቱን ያውቁታል፤ ወንዶቹም ይገምታሉ። በሚቀጥለው ወር ከገንዳው ዳር ከመቀመጥ ከትምህርት ቤት መቅረትን ትመርጣለች።

በሳምንት አንድ ጊዜ ለ12 ሳምንት በሚሰጥ ትምህርት ውስጥ እንዲህ ያለችው ልጅ ሦስት ቀን ያህል ሊያመልጣት ይችላል። ጓደኞቿ ጀርባቸው ላይ ተንሳፍፈው መተንፈስን ሲለምዱ እርሷ ገና ጠርዙን አልለቀቀችም፤ ከዚያ በኋላም ውሃው ያስፈራታል። የዓለም ጤና ድርጅት እንዳስታወቀው በ2021 በዓለም ላይ 300,000 ያህል ሰዎች በውሃ ሰጥመው ሞተዋል (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮጳውያን አቈጣጠር ናቸው)። ድርጅቱ ለመከላከያ ከሚመክራቸው ነገሮች አንዱ ለትምህርት በደረሱ ልጆች ዋና ማስተማር ነው። የቀረችበት ትምህርት እንግዲህ ጨዋታ አይደለም።

የኀፍረቱም ጕዳት ቀላል አይደለም። በመስከረም 2019 በኬንያ በቦሜት አውራጃ አንዲት የ14 ዓመት ተማሪ የወር አበባዋ በክፍል ውስጥ መጥቶ ልብሷ በመቈሸሹ አስተማሪዋ ተቈጥታ ከክፍል እንዳስወጣቻት፥ ልጅቱም በዚያው ቀን ሕይወቷን እንዳጠፋች እናቷ ተናግረዋል። ነገሩ የሆነው በደረቅ ወንበር ላይ፥ ሙሉ ዩኒፎርም ለብሳ ሳለች ነው። በገንዳ ዳር በስስ የዋና ልብስ የምትቆም ልጅ ምን ያህል እንደምትጨነቅ ከዚህ መገመት ይቻላል።

የእናትየዋን ምክር ማቃለል አይገባም። በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ሴት በወር አበባዋ ጊዜ ወደ ቤተ መቅደስ አትገባም፥ ጠበልም አትጠመቅም። ይህ ሥርዓት በብዙ ቤት ስፋቱ ጨምሮ ገላ መታጠብን እስከ መከልከል ደርሷል። ይሁን እንጂ የመዋኛ ገንዳ ጠበል አይደለም፤ እናትም ይህ በአክብሮት ቢነገራቸው የሚያስተውሉት ነገር ነው። ብርድ ይመታታል የሚለው ሥጋት ግን ከፊል እውነት አለው። ናይሮቢ ከፍታ ላይ ያለች ከተማ ስለ ሆነች ሰኔና ሐምሌ ላይ ያልሞቀ ገንዳ ይቀዘቅዛል፤ ሆዷን ለሚቈርጣት ልጅ ያ ቀን አይመችም። በሌላው ጊዜ ግን ቀስ ብሎ መዋኘት ቁርጠቱን ሊያስታግሥ ይችላል እንጂ በሽታ አያመጣም።

የወር አበባ ብዙውን ጊዜ በ12 ወይም በ13 ዓመት ይጀምራል፤ በ9 ዓመት የሚጀምራቸውም አሉ። ስለዚህ አራተኛ ክፍል የሚያስተምር መምህር ነገሩ አይመለከተኝም ሊል አይችልም። የደሙ መጠን ከሚታሰበው ያነሰ ነው፤ በጠቅላላው ሁለት ወይም ሦስት የሾርባ ማንኪያ ቢሆን ነው። ውሃ ውስጥ ሲገባ በውሃው ግፊት ምክንያት ፍሰቱ ይቀንሳል፤ ፈጽሞ ግን አይቆምም፥ ከገንዳ ሲወጣም ይቀጥላል። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት ቀኑ ስለማይረጋ ልጅቱ አስቀድማ ልትቈጥረው አትችልም፤ «ለምን አስቀድመሽ አልተናገርሽም» ብሎ መቈጣትም ከንቱ ነው።

ለክፍል የሚሆነው ለገንዳ አይሆንም። በመቐለ ወይዘሮ ፍረወይኒ መብራህቱ ባቋቋሙት ፋብሪካ ታጥቦ እንደ ገና የሚያገለግል ሞዴስ አሠርተው ለብዙ ተማሪዎች ደርሰውላቸዋል፤ በ2019ም ሲኤንኤን የዓመቱ ጀግና ብሎ መርጧቸዋል። ነገር ግን የጨርቅም ሆነ የሱቅ ሞዴስ ውሃ ውስጥ ከተገባበት የገንዳውን ውሃ ይመጣል፥ ይከብዳል፥ ደሙንም መያዝ ያቅተዋል። ለትንሽ ልጅ የሚሻለው ለዚሁ ጊዜ ተብሎ የተሠራው የዋና የውስጥ ልብስ ነው። ከሰውነት ጋር ተጣብቆ ይያዛል፤ ፍሰቱ ቀላል ለሆነበት ቀን ብቻውን ይበቃል፥ ከላዩም ጥቁር ወይም ሰማያዊ ቁምጣ ይደረብበታል። በሙስሊም ቤተሰቦች የተለመደው ሰውነትን የሚሸፍን የዋና ልብስም በዚህ ረገድ ለሁሉም የሚመች ነው።

ታምፖን ወደ ውስጥ የሚገባ የጥጥ ጥቅል ነው፤ በዓለም ላይ ብዙ ዋናተኞች የሚጠቀሙበትም እርሱን ነው። ልጅቱ ከፈለገችና ከእናቷ ወይም ከነርስ ከተማረች በትንሹ መጠን መጀመር ትችላለች። ከዋና በኋላ መለወጥ አለበት፤ ከ8 ሰዓት በላይ ማቆየት ብዙ ጊዜ ባይደርስም ለሕይወት የሚያሠጋ መመረዝ ሊያስከትል ይችላል። ድንግልናን ያጠፋል የሚለው ፍርሃት በብዙ ቤት አለ። ድንግልና ወንድ አለማወቅ ነውና ታምፖን አያጠፋውም፤ ሆኖም በዚህ ነገር ቤተሰብን አልፎ መምከር የአስተማሪ ሥራ አይደለም። ሌላ መንገድ እያለ ስለምን ጠብ ይነሣል?

ዋናው ሥራ ከገንዳው በፊት ያለው ነው። ተርሙ ሲከፈት አንዲት ሴት አስተማሪ ወይም ነርስ ልጃገረዶቹን ለብቻ ሰብስባ አሁን የተባለውን ሁሉ በግማሽ ሰዓት ልትነግራቸው ትችላለች። ለወላጆችም በሚያውቁት ቋንቋ አጭር ደብዳቤ ይላክ። የወንድ አስተማሪ ድርሻ ደግሞ አለመጠየቅ ነው። «ዛሬ አልዋኝም» ያለችውን ልጅ ምክንያት ሳያወጣጣ ተቀብሎ ሰዓት የመያዝ ወይም የማዳኛ ገመድ አወራወር የመለማመድ ሥራ ቢሰጣት፥ ተማረች እንጂ ተቀጣች አይባልም። ድካሙ እውነት ነው፤ በ2016 በሪዮ ኦሊምፒክ ቻይናዊቷ ዋናተኛ ፉ ዩዋንኊ ከቅብብል ውድድር በኋላ ድካሟ ከወር አበባዋ የተነሣ መሆኑን በቴሌቪዥን ፊት ተናግራለች። ዋኝታለች፥ ደክሟታልም፤ ልጆች ሁለቱንም ቢሰሙ ይጠቅማቸዋል። ደሙ በየሰዓቱ ሞዴስ የሚያስለውጥ ወይም ከ7 ቀን በላይ የሚቆይ ከሆነ ግን ወደ ሐኪም መላክ ነው።

የኬንያ መንግሥት በ2004 በሞዴስ ላይ የነበረውን የሽያጭ ግብር አንሥቷል፤ በ2017ም በመንግሥት ትምህርት ቤት የምትማር ለዕድሜው የደረሰች ልጃገረድ ሁሉ በነጻ እንድታገኝ በሕግ ደንግጓል። የሚያስመሰግን ሥራ ነው። ሕጉ የግል ትምህርት ቤቶችን ስለማይጨምር ግን በእነዚያ ያለው ኀላፊ ራሱ ማሰብ አለበት። ወጪውም ብዙ አይደለም፤ በልብስ መቀየሪያው ክፍል ሞዴስ፥ የሚደረብ ጥቁር ቁምጣ፥ ደረቅ ፎጣና ክዳን ያለው የቈሻሻ ቅርጫት ይኑር፤ በሩም ከውስጥ የሚዘጋ ይሁን። ሞዴሱ የሚቀመጥበት ቁም ሣጥን አይቈለፍ፤ ከተቈለፈ ልጅቱ ቁልፍ ለመጠየቅ ወደ ቢሮ መሄድ ሊኖርባት ነውና።