የስልክ መልእክት አንድነት ስለምን ዘገየ?

(በማኅበሩ ዓመታዊ ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር፤ ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)



በአዲስ አበባ የምትኖር አንዲት እናት በእጅ ስልኳ ሦስት የመልእክት መላላኪያዎች ይዛ ብትገኝ የሚገርመው ሰው የለም። በአንደኛው ዱባይ ካለችው ልጇ፣ በሁለተኛው ዋሽንግተን ካለው ወንድሟ፣ በሦስተኛው ከዕድርተኞቿ ጋር ትገናኛለች። ስልክ ስትደውል ግን ተቀባዩ የየትኛው ኩባንያ ደንበኛ እንደ ሆነ መጠየቅ አያስፈልጋትም። ድምፅ ያለ ችግር የሚሻገረውን ድንበር ጽሑፍ ለመሻገር ስለምን ተሳነው?

ችግሩ የጥበብ ማነስ እንዳልሆነ ታሪክ ይመሰክራል። በ1874 በስዊስ በበርን ከተማ የተመሠረተው የፖስታ ኅብረት የአንዱ አገር ቴምብር በሌላው አገር እንዲከበር አደረገ። ኢትዮጵያም በ1908 የዚሁ ኅብረት አባል ሆነች። በ1987 የ13 አገሮች የስልክ ድርጅቶች በኮፐንሃገን ስለ እጅ ስልክ የጋራ ደንብ ተፈራረሙ፤ በ1992 የመጀመሪያው አጭር መልእክት በእንግሊዝ አገር ተላከ። ይህ መልእክት በላቲን ፊደል 160፣ በእኛ ፊደል 70 ምልክቶች ብቻ ቢይዝም ከማንኛውም ኩባንያ ወደ ማንኛውም ኩባንያ ይደርሳል። ምክንያቱም ስምምነቱ ከሸቀጡ ቀድሞ ነበርና ነው።

በኢንተርኔት ዘመን ቅደም ተከተሉ ተገለበጠ። ጉግል በ2005 ያወጣው ቶክ የተባለው መላላኪያ ለሁሉ ክፍት በሆነ ደንብ ላይ የተሠራ ሲሆን፣ በ2013 በሃንግአውትስ መተካት ሲጀምር ከሌሎች ድርጅቶች ጋር የሚያገናኘው በር ተዘጋ። በ2016 አሎ ተጨመረ፤ በ2019 ቀረ። ሃንግአውትስም በ2022 አበቃ። አንድ እጅ ብቻውን አያጨበጭብም እንዲሉ፣ ወዳጅ ዘመዱ ያልገባበትን መላላኪያ ማንም አይፈልገውም። ስለዚህ መላላኪያው በተለወጠ ቁጥር ደንበኛው ዘመዶቹን እንደገና መሰብሰብ ነበረበት።

አፕል በበኩሉ በ2011 ያወጣውን አይሜሴጅ ለራሱ መሣሪያዎች ብቻ አደረገው። የስልክ ኩባንያዎች ለአጭር መልእክት ምትክ እንዲሆን ያዘጋጁትን አርሲኤስ የተባለ ደንብ የተቀበለው በ2024 ነው። ፌስቡክም በ2020 የሜሴንጀርንና የኢንስታግራምን መልእክት ካገናኘ በኋላ በ2023 መገባደጃ መልሶ ለያያቸው። ከዚህ ሁሉ የሚታየው፣ ደንበኛውን የሚያቆየው አጥር ራሱ ለኩባንያው ሀብት መሆኑ ነው። አጥሩን የሚያፈርስ ኩባንያ ተወዳዳሪውን ከሀብቱ እንደሚያካፍል ያስባል።

እርግጥ ነው፣ ከባድ የሙያ ችግርም አለ። ከላኪውና ከተቀባዩ በቀር ማንም እንዳያነበው የተቆለፈ መልእክት ከአንዱ ኩባንያ ወደ ሌላው ሲሻገር፣ ቁልፉ የእውነተኛው ተቀባይ መሆኑን ማን ያረጋግጣል? አታላይንስ ማን ይከለክላል? ይህን ሥጋት እንደ ሰበብ ብቻ መቁጠር ስሕተት ይሆናል። ነገር ግን በ2023 የኢንተርኔት መሐንዲሶች ለቡድን መልእክት የጋራ የመቆለፊያ ደንብ አወጡ፤ በ2025ም ይኸው ደንብ በአርሲኤስ ውስጥ ገባ። የአውሮፓ ኅብረት ሕግ ደግሞ ከ2024 ጀምሮ ዋትስአፕና ሜሴንጀር ለሚጠይቋቸው ሌሎች መላላኪያዎች በራቸውን እንዲከፍቱ አስገደደ። እንግዲህ ጥበቡ የሚገኘው ፈቃዱ ወይም ሕጉ ሲገኝ ነው።

ለዚህ ማኅበር አባላት የሚተርፈው ትምህርት ግልጽ ነው። አንድ መሥሪያ ቤት አዲስ የመገናኛ ሥርዓት ሊያስገባ ሲነሣ፣ ባለሙያው ስለ ዋጋውና ስለ ፍጥነቱ ከመጠየቁ በፊት «ከሌላው ጋር ይነጋገራልን? ባለቤቱ ቢዘጋው የተጠራቀመው ጽሑፍ ይወጣልን?» ብሎ ሊጠይቅ ይገባል። ይህ ጥያቄ ከውሉ ፊርማ በፊት ካልተነሣ፣ በኋላ የሚያነሣው ሰው ሰሚ አያገኝም። ያቺ እናት ከልጇ ጋር የተለዋወጠችው ቃል በአንድ ኩባንያ ውሳኔ እንዳይጠፋ የሚጠብቅላት እንዲህ ያለው ጥያቄ ነው።