ከካርታው እስከ ጎጆው፦ የአውሎ ነፋስ ትንበያና የመሐንዲሱ ድርሻ



ስለ አየር ጠባይ ትንበያ በተነገረ ቁጥር አብዛኛውን ጊዜ የሚነሣው ጥያቄ «ትንበያው ምን ያህል ትክክል ነው?» የሚል ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው። ይሁን እንጂ ከዚህ የማያንስ ሌላ ጥያቄ አለ፤ ይኸውም «ትንበያው ማን ዘንድ ደረሰ? የደረሰውስ ሰው ምን ለማድረግ ቻለ?» የሚለው ነው። የቤንጋል ባሕረ ሰላጤ የግማሽ ምእት ዓመት ታሪክ የዚህን የሁለተኛውን ጥያቄ ክብደት በሚገባ ያሳያል።

በቅድሚያ ስለ አውሎ ነፋሱ አፈጣጠር በአጭሩ ማውሳት ይጠቅማል። የሐሩር ክልል አውሎ ነፋስ የሚወለደው የባሕሩ ገጽ ሙቀት 26.5 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማና ከዚያም በላይ በሆነበት ሥፍራ ነው። ከባሕሩ የሚነሣው እንፋሎት ሽቅብ ወጥቶ ወደ ደመናና ወደ ዝናብ ሲለወጥ በውስጡ አምቆ የያዘውን ሙቀት ይለቃል። ይህም ሙቀት አየሩን ይበልጥ ወደ ላይ ያነሣዋል፤ ከታች ያለው ግፊት ይቀንሳል፤ የዙሪያው አየርም ወደ መካከሉ ይሮጣል። የመሬት መሽከርከር ደግሞ የሚሮጠውን አየር ያጠማዝዘዋል። ከምድር ወገብ በ5 ዲግሪ ክልል ውስጥ ይህ የማጠማዘዝ ኃይል ደካማ በመሆኑ አውሎ ነፋስ በዚያ የሚፈጠረው ከስንት አንዴ ነው።

አያሌ ሕይወት የሚያጠፋው ግን ነፋሱ ራሱ ሳይሆን ነፋሱ እየገፋ ወደ የብስ የሚያመጣው የባሕር ውሃ ነው። የቤንጋል ባሕረ ሰላጤ ወደ ሰሜን እየጠበበና ጥልቀቱ እያነሰ ስለሚሄድ የተገፋው ውሃ መበተኛ ያጣል፤ ከፍ ብሎም ዝቅተኛውን ዳርቻ ያጥለቀልቃል።

እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 12 ቀን 1970 በዚያን ጊዜ ምሥራቅ ፓኪስታን ይባል በነበረው፣ በዛሬው ባንግላዴሽ የደረሰው ይኸው ነበር። በቦላ ደሴትና በአካባቢዋ የሞተው ሕዝብ ከ300,000 እስከ 500,000 ይገመታል። ልብ ሊባል የሚገባው፣ አውሎ ነፋሱ በስውር የመጣ አለመሆኑ ነው። የመጀመሪያዋ የአየር ጠባይ ሳቴላይት ቲሮስ 1 ከተወነጨፈች 10 ዓመት ሆኗት ነበር፤ የአውሎ ነፋሱም ደመና ከሰማይ ታይቷል። በኋላ የተደረገ ጥናት እንዳመለከተው ከነዋሪው 90 በመቶ ያህሉ አውሎ ነፋስ እንደሚመጣ ሰምቶ ነበር። ወደ ጠንካራ ሕንፃ የሸሸው ግን 1 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። ውሃው በሌሊት፣ ባሕሩ በተፈጥሮው በሚሞላበት ሰዓት መጣ። የቀርከሃና የሣር ጎጆ ብቻ ባለበት ሜዳማ ደሴት ላይ «ሽሹ» የተባለ ሰው ወዴት ይሸሻል?

ከዚህ መከራ በኋላ ሥራው በሁለት አቅጣጫ ተካሄደ። አንደኛው ትንበያውን ማሻሻል ነው። በ1970ዎቹ መጀመሪያ ቬርኖን ድቮራክ የተባለው አሜሪካዊ የሜቲዎሮሎጂ ባለሙያ በሳቴላይት ፎቶግራፍ ላይ የደመናውን ቅርጽ በመመርመር የነፋሱን ኃይል መገመት የሚቻልበትን ዘዴ አወጣ። የአውሎ ነፋሱን መንገድ መተንበይም ተሻሻለ። ለምሳሌ በአትላንቲክ ውቅያኖስ ላይ በ1970ዎቹ የ24 ሰዓት ትንበያ አማካይ ስሕተት 200 ኪሎ ሜትር ገደማ ነበር፤ አሁን ከ100 ኪሎ ሜትር በታች ሆኗል። ይህ ጥቅሙ ቀላል አይደለም። ስሕተቱ በጠበበ መጠን ያለምክንያት የሚፈናቀለው ሕዝብ ያንሳል፤ ተነግሮ ያልደረሰ አደጋ ጆሮን ያደነዝዛልና።

ሁለተኛው አቅጣጫ ምድር ላይ የተሠራው ነው። እ.ኤ.አ. በ1972 የበጎ ፈቃደኞች ፕሮግራም ተቋቋመ፤ ዛሬ ከ70,000 በላይ የሆኑት አባላቱ አደጋው ሲቃረብ ባንዲራ ይሰቅላሉ፣ በድምፅ ማጉያ እየለፈፉ ከቤት ወደ ቤት ይዞራሉ። ከዚህም ሌላ በአምዶች ላይ የቆሙ የኮንክሪት መጠለያዎች ተሠሩ። ምድር ቤታቸው ክፍት በመሆኑ ውሃው ከሥር ያልፋል፤ ሰው ከላይ ይተርፋል። በደኅናው ጊዜ ብዙዎቹ ትምህርት ቤት ሆነው ያገለግላሉ። ሕዝቡ ወደ መጠለያው የሚሄድበትን መንገድ የሚያውቀው ልጆቹ በየዕለቱ ስለሚመላለሱበት ነው።

ውጤቱ በአንድ ጀምበር አልተገኘም። እ.ኤ.አ. በ1991 መጠለያው ገና ጥቂት በነበረበት ጊዜ 140,000 ገደማ ሰው አለቀ። በ2007 ሲድር የተባለው ብርቱ አውሎ ነፋስ ሲመታ የሟቾቹ ቁጥር 3,400 ያህል ነበር። በ2020 አምፋን በመጣ ጊዜ በባንግላዴሽ ከ2 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ አስቀድሞ ከአካባቢው ተነሣ፤ በአገሪቱ የሞቱትም በአሥሮች የሚቆጠሩ ሆኑ።

ይህ ሁሉ የባሕር ዳር አገር ጉዳይ ይመስል ይሆናል። ነገር ግን እ.ኤ.አ. በሜይ 2018 ሳጋር የተባለው አውሎ ነፋስ በሰሜን ምዕራብ ሶማሊያ የብስ ረግጦ ዝናቡ እስከ ምሥራቅ ኢትዮጵያ ዘልቋል። ከዚያም በፊት ሐምሌ 30 ቀን 1998 ዓ.ም. ሌሊት፣ ያለ አንዳች አውሎ ነፋስ፣ በላይኛው ተፋሰስ የጣለው ዝናብ የድሬዳዋውን የደቻቱን ወንዝ ሞልቶ ከ200 በላይ ሰዎች ሕይወት አለፈ። ደቻቱ ዓመቱን አብዛኛውን ጊዜ ደረቅ አሸዋ ነው። የውቅያኖስ አውሎ ነፋስ የቀናት ጊዜ ይሰጣል፤ እንዲህ ያለው ጎርፍ ግን የሚሰጠው የሰዓታት፣ አንዳንዴም ከዚያ ያነሰ ጊዜ ነው። በመሆኑም የአካባቢ ትንበያ ሰንሰለቱ አጭርና የማይበጠስ መሆን አለበት፤ ከተራራው የዝናብ መለኪያ፣ ከወንዙ የውሃ ከፍታ መለኪያ፣ በሌሊት ሰው የሚቀሰቅስ ደወል፣ ከዚያም በእግር የሚደረስበት ከፍ ያለ ቦታ ድረስ።

ከእነዚህ አብዛኞቹ የመሐንዲሱ ሥራ ናቸው። የትምህርት ቤት ወይም የጤና ጣቢያ ንድፍ በጠረጴዛ ላይ ሲዘረጋ፣ «ወንዙ በሌሊት ቢሞላ የሠፈሩ ሕዝብ እዚህ ሊወጣ ይችላልን?» ተብሎ ቢጠየቅ የሚጨምረው ወጪ ጥቂት አምዶችና አንድ ደረጃ ሊሆን ይችላል። የትንበያ ባለሙያው ካርታውን ሠርቶ ያስረክባል፤ ከካርታው እስከ ጎጆው ያለው መንገድ ግን በዚህ አዳራሽ ለተሰበሰቡት የተተወ ነው።