ስሟን የሸሸገች ሴትና አስተርጓሚው



በ2010 የኖቤልን የሥነ ጽሑፍ ሽልማት የተቀበለውና በ2025 ያረፈው የፔሩ ደራሲ ማሪዮ ቫርጋስ ዮሳ በ2006 ዓ.ም. (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) «የክፉዋ ልጅ ተንኰሎች» ተብሎ ሊተረጐም የሚችል ልብ ወለድ ድርሰት አሳተመ። ታሪኩ ባጭሩ ሲነገር፣ አንድ ሰው አንዲትን ሴት ዕድሜውን ሙሉ ሲከተል፣ እርሷም ስታመልጠው ይኖራሉ። ነገር ግን ድርሰቱን በዚህ ብቻ የሚያልፈው አንባቢ ዋናውን ጥያቄ ሳያየው ይቀራል፤ ይኸውም ሴቲቱ የምትሸሸው ከምንድን ነው የሚለው ነው።

ሪካርዶ የተባለው ወጣት በ1950 የበጋ ወራት፣ በሊማ ከተማ፣ ሚራፍሎሬስ በሚባለው ደኅና ኑሮ ባላቸው ሰዎች ሰፈር ሊሊ የምትባል ልጃገረድ ያያል። ከቺሊ የመጣሁ ነኝ ትላለች፤ አነጋገሯም ጭፈራዋም ወጣቶቹን ይማርካል። በአንድ የልደት ግብዣ ላይ ግን ቺሊን የምታውቅ እመቤት ብታነጋግራት ውሸቱ ይገለጣል፤ ልጅቱም ከሰፈሩ ትጠፋለች። ከዚያ ወዲያ ሪካርዶ በፓሪስ የዩኔስኮ አስተርጓሚ ሆኖ ሲኖር በየጊዜው ያገኛታል፤ ስሟ ግን አይጸናም። አንድ ጊዜ ለሽምቅ ውጊያ ትምህርት ወደ ኩባ የምትሄድ ጓድ አርሌት፣ ሌላ ጊዜ የፈረንሳዊ ሹም ሚስት ማዳም አርኑ፣ ቀጥሎም በእንግሊዝ አገር የሀብታም ሚስት፣ ኋላም በቶኪዮ ኩሪኮ ትሆናለች።

ማዳም አርኑ የሚለው ስም ፍሎቤር በ1869 ባሳተመው ልብ ወለድ ውስጥ፣ ፍሬደሪክ የተባለው ወጣት የራሱ ሳያደርጋት ዕድሜውን በምኞት የፈጀላት ሴት ስም ነው። ሆኖም የፍሎቤር ሴት በአንድ ስምና በአንድ ማዕርግ ጸንታ ስትኖር፣ የቫርጋስ ዮሳ ሴት ግን ስሟን እንደ ልብስ ትለውጣለች።

ምክንያቱ የሚታወቀው ሪካርዶ ከብዙ ዘመን በኋላ ወደ ሊማ ተመልሶ፣ የባሕር ማዕበል መከላከያ ግንብ የሚሠራ አንድ ድኻ ሽማግሌ ባገኘ ጊዜ ነው። ሽማግሌው አባቷ ነው፤ እውነተኛ ስሟም ኦቲሊያ ነው። «ስም ከመቃብር በላይ ይውላል» ይባላል፤ ለእርሷ ግን ስሟ የድኽነቷ ምልክት ስለ ነበረ፣ ቀድማ የቀበረችው እርሱን ነው። ሪካርዶም ቀኑን ሙሉ የሌላውን ሰው ቃል ሲያቀብል የራሱን ቃል ሳያገኝ የኖረ ሰው ነው። እንግዲህ አንዱ በተዋሰው ቃል፣ ሌላይቱ በተዋሰችው ስም ኖሩ ማለት ነው። ፍቅሩ ጽኑ ነበር፤ ነገር ግን የወደዳትን ያህል አላወቃትም።

ደራሲው በሴቲቱ ላይ ብቻ አልፈረደም። አንደበቱ ተዘግቶ የነበረው የጎረቤት ሕፃን መጀመሪያ የተናገረው ከዚህችው «ክፉ» ከተባለች ሴት ጋር ነው። በመጨረሻም ታምማ ወደ ሪካርዶ ተመልሳ፣ ታሪካቸውን እንዲጽፈው አሳስባው ትሞታለች።

ይህ ድርሰት ለመምህር የሚሰጠው ትምህርት አለ። የአባቱን ሥራ እየደበቀ፣ በተዋሰው አነጋገር የሚመጣ ተማሪ በየክፍሉ አይታጣም። ውሸቱን በጓደኞቹ ፊት መግለጥ ቀላል ነው፤ የግብዣዋ እመቤትም ያደረገችው ይህንኑ ነው። ተማሪው የገዛ ስሙን ሳያፍር እንዲጠራ ማድረግ ግን የመምህር ሥራ ነው።