ከእቅፍ የሸሸች ሕፃን

እንግዳ ሊስመው ሲጎነበስ ፊቱን የሚያዞር ሕፃን ስናይ፣ አንደበታችን ለፍርድ ይቸኩላል። ባለጌ እንላለን። ሥርዓት አልተማረም እንላለን። እርሱን ግን አንጠይቅም።

ከእንዲህ ያሉ ሕፃናት አንዷ የነበረችው፣ ኦቲዝም ያለባት አሜሪካዊቱ ቴምፕል ግራንዲን ሦስት ዓመት ተኩል ገደማ እስኪሆናት ድረስ አልተናገረችም፤ ሲያቅፏትም ትሸሽ ነበር። ኦቲዝም ያለበት ሰው የልቡን ምሥጢር ለሌላው መግለጥ ይችላል ተብሎ እምብዛም በማይታመንበት ዘመን፣ በ1986 እ.ኤ.አ.፣ የገዛ ሕይወቷን ታሪክ በመጽሐፍ ስታሳትም፣ የሸሸችው ፍቅርን ጠልታ ሳይሆን፣ እቅፉን እየናፈቀች ሳለ የንክኪው ኃይል ከሕዋሳቷ አቅም በላይ ስለሚሆንባት እንደ ነበረ ገለጠች። እየናፈቀች ትሸሽ ነበር! ከውጭ ሆኖ የሚመለከታት ይህን በምን ያውቀዋል? በወጣትነቷም፣ በአክስቷ የከብት እርባታ ከብቶች ለክትባት ጠበቅ ተደርገው ተይዘው ሲረጋጉ ተመልክታ፣ ጥብቀቱን በራሷ እጅ የምትወስነው የእቅፍ መሣሪያ ሠራች።

እኔም አንድ ጊዜ የጎረቤቴን ልጅ በእናቱ ፊት ባለጌ ብዬዋለሁ፤ ይጸጽተኛል። አሁን በደጃቸው ሳልፍ እጄን አልዘረጋም። ከደረጃው ላይ ዝቅ ብዬ እቀመጣለሁ፤ እርሱ እስኪቀርብም እጠብቃለሁ።