ደም የሚጠራ ሥጋ
በጦር ኃይሎች በተካሄደው የምሩቃን መሰባሰቢያ ላይ የተደረገ ንግግር



ምሳ እስኪደርስ አሥር ደቂቃ ተሰጥቶኛል። ስለ ጥርስ እንዳላወራ ስላስጠነቀቃችሁኝ ስለ ጉንጭ አወራለሁ።

ኖማን ከመጽሐፍ ብቻ የምታስታውሱት ብዙ ናችሁ። በምግብ እጥረት የተጎዳ፣ ብዙ ጊዜም ኩፍኝ የጣለው ሕፃን ድድ ላይ ይጀምርና በቀናት ውስጥ ጉንጭ ይበላል። የዓለም ጤና ድርጅት ችላ ከተባሉት በሽታዎች ዝርዝር ያስገባው በታኅሣሥ 2016 ዓ.ም. ነው፤ ዘግይቷል ባይ ነኝ። ከሞት የተረፈው ልጅ ቀዳዳ ጉንጭና የተቆለፈ መንጋጋ ይዞ ይኖራል።

ጉንጭ እንደ ካፖርት ነው፤ ውጩ ቆዳ፣ ውስጡ ገበር። ለውጩ ከግንባር ወይም ከክንድ ቆዳ ከነደም ሥሩ እናመጣለን። ገበሩ ነው የሚያስቸግረው። ከሌላ ቦታ የመጣ ቆዳ አፍ ውስጥ ፀጉር ሊያበቅል ይችላል፤ ከላንቃ የሚገኘው ደግሞ ትንሽ ነው። በዚህ ሰፈር ስም የምናስበው፣ ጉንጩን በጥይት ያጣ ወታደርም ይኸው ገበር ነው የሚያስፈልገው።

በአሜሪካ ሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ እነ ስቴፈን ፋይንበርግ ከበሽተኛው ላንቃ ጥቂት ሴሎች ወስደው፣ ሴሎቹ በወጡለት የሰው ቆዳ ላይ ዘርተው ገበር አብቅለዋል። ችግሩ፣ ይህ ሥጋ ሲሰፋ የደም ሥር የለውም። የመጀመሪያዎቹን ቀናት ከሥሩ ካለው ቁስል በሚሰርግ ፈሳሽ ብቻ ይቆያል። ኦክስጅን ደግሞ ከደም ሥር ወጥቶ የሚደርሰው ቢበዛ የሚሊሜትር አንድ አምስተኛ ያህል ነው። ሥር ካልደረሰለት፣ በቃ፣ ይጠቁራል።

ሥሩን የሚጠራው ቪኢጂኤፍ የሚባል ፕሮቲን ነው፤ እነ ናፖሊዮኔ ፌራራ በ1989 እ.ኤ.አ. ለይተው ያወጡት። ሴሎች ኦክስጅን ሲያጥራቸው ይለቁታል፤ ጎረቤት ያለው የደም ሥር ወደ እነርሱ ይበቅላል። ደስ የሚለው፣ የአፍ ሴሎች ራሳቸው ያመነጩታል። ሚሺጋኖቹ ሥጋው ያደገበትን ፈሳሽ ወስደው ይለኩታል፤ ቁራጩን ሳይነኩ ጤንነቱን ይገምታሉ።

«ታዲያ ጨምሩበታ!» ያለኝ አለ፣ ቡና ላይ። አይሆንም። ሲበዛ የሚበቅሉት ሥሮች ያልጸኑ፣ የሚያፈሱ ናቸው፤ ሥጋው ያብጣል። ካንሰር ለተቆረጠለት ሰው ደግሞ ዕጢም ደሙን የሚጠራው በዚሁ ድምፅ ነው።

የሚሰፋ እጅ አለን፤ የካቲት 12 ሆስፒታልን ማየት ይበቃል። እኔ በምሠራበት ቦታ የጎደለው ንጹሕ የሴል ማሳደጊያ ክፍልና ፈሳሹን የሚለካ ሰው ነው። ወደ ባዮኬሚስትሪና ወደ ፋርማሲ የሄዳችሁ፣ ምሳ ላይ እኔ ጠረጴዛ ተቀመጡ። ወረቀትና እስክሪብቶ ይዣለሁ።